ጎተራው ሙሉ ነው፤ የማን ጎተራ?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስለ ጎጃም ተቆርቁረው የጻፉት ነው፤ አማርኛቸው ይጣፍጣል፣ ቁጭታቸውም የውሸት አይመስልም። ብዙ ሰው «እውነት ብለዋል» እያለ ያስተላለፈው ለዚህ ይመስለኛል። ክርክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎጃም የእህል አገር ስለሆነ ሴፍቲኔት የሚባል ነገር፣ ማለትም መንግሥት ለድሃ ቤት እህል ወይም ብር የሚሰጥበት ፕሮግራም፣ እዚህ መኖሩ ራሱ ነውር ነው። እርዳታ ጎበዙን ገበሬ አስንፎታል። አቅመ ደካማውን ዱሮ እድር፣ ሰንበቴና ዘመድ ይይዙት ነበር፤ መንግሥት ገብቶ አፈረሰው። የተረጂዎች ዝርዝር ላይ የሰፈረውም ድሃው ሳይሆን የቀበሌ ሰዎች ዘመድ ነው። በመጨረሻም ገንዘቡ የፈረንጅ ነበር፣ ፈረንጁ እጁን ሲሰበስብ የሚጠየቅ የለም፤ የተረፈችው ሳንቲም ለማዳበሪያና ለመስኖ ትዋል።

ያላሉትን እንዳሉ አላደረግሁም ብዬ አምናለሁ። ከነጥቦቻቸው አንዱ፣ የዝርዝሩ ነገር፣ እውነት ነው፤ ሲደርስ እመለስበታለሁ። የቀሩት ግን በቁጥር ሲታዩ አይቆሙም።

ከእህሉ እንነሳ። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለውን የጤፍ ሜዳ፣ የቡሬንና የወምበርማን በቆሎ፣ የአዴትን ድንች የሚክድ የለም። ነገር ግን ተረቱ «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይላል፤ እዚህ ላይ ገደሉ ምሳሌ ሳይሆን የምር ገደል ነው። ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቧት ይሄዳል። ከመርጡለ ማርያም፣ ከግንደ ወይን ወይም ከየዕድ ውሃ ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ ከቢቸና ሜዳ ጋር በአንድ የዞን ካርታ ላይ ስላለ ብቻ አንድ ዓይነት አፈር የለውም። ተዳፋት ነው፣ ታጥቧል፣ ድንጋዩ ወጥቷል። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ቀጥ ካለ ማሽላው ራሱን ሳይሞላ ይደርቃል። ፕሮግራሙም ቢሆን መላውን ጎጃም አይደርስም፤ የምግብ እጥረቱ ሥር ሰድዷል ተብለው ለተለዩ ወረዳዎች የተሠራ ነው። ስለዚህ «ቡሬ እያለ ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ «ጎረቤቴ በልቷል፣ አንተ ለምን ራበህ?» እንደማለት ነው።

እህል ባለበት አገር ሰው እንደሚራብ ደግሞ ከእኛው ታሪክ የወጣ ትምህርት ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር ያገኘው፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረና እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል እንደነበረ ነው። ምርቱ የወደመበት ገበሬ የሚገዛበት ስላልነበረው እህሉ ገዥ ወዳለበት ሄደ። ጎተራ የሞላበት ወረዳና ምጣዷ የቀዘቀዘባት ሴት በአንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ገበያው የሚያውቀው ግን ብር የያዘውን ብቻ ነው።

ጸሐፊው የዘለሉት ሌላም ነገር አለ። እሳቸው «ገበሬ» ሲሉ ባለ በሬና ባለ መሬት ገበሬን ነው የሚያስቡት። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ከወላጁ ካልደረሰው ወይም በኮንትራት ካልያዘ መሬት የለውም። ቡሬ ላይ እንኳ ቢሆን።

አሁን አንድ ቤት ቀርበን እንይ። ምሳሌ ነው፤ ቁጥሩን ግን ማንም ገበሬ በቃሉ ሊፈትሸው ይችላል። ባሏ የሞተባት እናት ከሦስት ልጆች ጋር፣ አራት ነፍስ። ያላት ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር። በሬ ስለሌላት መሬቱን በእኩል ሰጥታዋለች። አፈሩ የታጠበ ነውና በሄክታር 10 ኩንታል ያፈራል እንበል፤ ከግማሹ ሄክታር 5 ኩንታል ይወጣል፣ ሁለት ተኩሉን አራሹ ይወስዳል። ለእሷ የሚገባው 250 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ብንይዝ ቤቱ በወር 60 ኪሎ ይበላል። ታኅሣሥ ላይ የገባው እህል ሚያዝያ ሲጠባ አለቀ። ከዚህ ላይ ገና ዘር አልተቀነሰም፣ ጨው አልተገዛም፣ የእድር መዋጮ አልተከፈለም፣ ደብተርም አልታሰበም። ቀጣዩ አጨዳ ኅዳር ነው።

ሴፍቲኔት ሲኖርስ? ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ለስድስት ወር ነው። ክፍያው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ግምቱ በብር ነው፤ በእህል በሚከፈልባቸው ቦታዎች 4 ኪሎ ጥራጥሬ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ለአራት ነፍስ 60 ኪሎ በስድስት ወር 360 ኪሎ ይሆናል። ከራሷ 250 ጋር 610 ኪሎ፤ አሥር ወር ያህል ያደርሳታል። ጥቅምትና ኅዳርን እሸት እየቀነጠሰች፣ ሰው ቤት እየፈጨችና እየጋገረች ትሻገራለች። እንግዲህ «ቁጭ ብሎ ይበላል» የተባለው ቤት ይህ ነው። ድጋፉ ተጨምሮ እንኳ ዓመቱ አይሞላም።

ስንፍናውን ደግሞ በቀን እንቁጠረው። ለአንድ ነፍስ በወር 5 የሥራ ቀን ይጠበቃል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በወር 25፣ በስድስት ወር 150 የሥራ ቀን ያወጣል። በምላሹ የሚያገኘው 450 ኪሎ እህል ነው። ሲካፈል በቀን 3 ኪሎ ይመጣል። በተፋሰስ ሥራ ላይ በሚሠራበት ልክ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ወደ 150 የሰው ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ይህ ቤት በየዓመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል እርከን ሠርቶ አራት ኩንታል ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ጥልቀቱና ስፋቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ ቦይ፣ በአካፋና በዶማ፣ በበጋ ፀሐይ። በዚህ ዋጋ አንድ ኪሎ ሜትር እርከን የሚያወጣ ሥራ ተቋራጭ ካለ ጸሐፊው ቢጠቁሙን ወረዳው ደስ ይለዋል።

15 ኪሎ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ነው፤ ወደ 1,750 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በእርዳታ ሥራ ለአንድ ሰው የሚያዘው የቀን መለኪያ 2,100 ነው። ጥራጥሬው ካልተጨመረ ያንን እንኳ አይሞላም። ሰው በዚህ ምግብ ሰንፎ ይተኛል የሚለው አባባል፣ ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ያህል እንደሚበላ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

በዚያ ላይ የስንፍናው ክርክር ጨርሶ የማይነካቸው ሰዎች አሉ። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው። የመሥራት አቅም ያለው በኅብረተሰብ ሥራ ይሠራል፤ አቅምም ጧሪም የሌለው ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው ይያዛል። በዚህ ሁለተኛው ውስጥ ያሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የጸና ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ድጋፋቸውም ለስድስት ወር ሳይሆን ለ12 ወር ነው። ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋም ለጊዜው ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ድጋፍ ትያዛለች። ዓይናቸው የጠፋ እማሆይን ድጋፍ ያሰንፋቸዋል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን። ጽሑፉ ግን ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ በአንድ ዱላ ነው የመታቸው።

ጎጃም እኮ በተረጂነትና በስንፍና መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቅ አገር ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ ቴዎድሮስ፣ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተቆጠረው በማን እንጀራ ነው? የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከውሻ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሰጡት እናቶች ሰነፍ እያሳደጉ አልነበረም። ጧት ይለምናል፣ ቀን ይማራል፣ ሌሊት ይቀጽላል፤ ከዓመታት በኋላ መሪጌታ ሆኖ ይመጣል። የተሰጠው ፍርፋሪ ትምህርቱን አልከለከለውም፣ አስቻለው እንጂ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እለቅላቸዋለሁ። ሥራው ሁልጊዜ በደንብ አይሠራም። እርከኑ በውኃ ልክ ሳይለካ በዓይን ግምት ከተቆፈረ ውኃው ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ይሰበሰብና በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይበጥሰዋል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ካልተሠራለት የኮረብታውን ጎርፍ ሁሉ እሱው ይሸከማል። አንዱ እርከን ሲበጠስ የታችኛውን ይዞት ይወርዳል፤ ቦረቦር የሚጀምረው አንዳንዴ ሊከላከሉት ከቆፈሩት ቦይ ነው። ችግኙም እንዲሁ፤ ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ጥቅምት ላይ ከብት ይለቀቅበታል። የሚቆጠረው የተቆፈረው ሜትር እንጂ በዓመቱ ያልፈረሰው ስላልሆነ ሪፖርቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የሚለካው ሰው አለመኖሩ ነው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ውኃ ልክና ገመድ ይዞ እንዲውል ማድረግ ይቻላል። ቆፋሪዋ ሴት የታዘዘችበት ቦታ ቆፍራ ውላለች።

ወደ እድሩ እንምጣ። ይህ የጽሑፉ በጣም የተወደደለት ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው ቆርጦ ያስተላለፈውም ይህንኑ ነው። አያስደንቅም፤ እድሩም ሰንበቴውም የእኛ ናቸው፣ ሲመሰገኑ ደስ ይላል። ግን አንድ በአንድ እንያቸው።

እድር ሲሞቱ ይመጣል። ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ መዋጮ ላልከፈለ ግን መዝገቡ ይዘጋል። ወንፈል የብድር ሥራ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የዋልክልኝን ነገ እውልልሃለሁ። የሚውልበት ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ወንፈል ውስጥ አይገባም። መቀናጆም ያው ነው፤ አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር አቀናጅቶ ጥማድ ያደርጋል። ምንም በሬ የሌላት ሴት ከማን ጋር ትቀናጃለች? ለዚህ ነው መሬቷ በእኩል የሚሄደው። ደቦ ለመጥራት ጠላና ምግብ ያስፈልጋል፤ ጌሾና ብቅል የሌለበት ቤት ደቦ አይጠራም። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበርም በተራ የሚደገሱ ናቸው፤ ተራው ደርሶ መደገስ ያቃተው ሰው አፍሮ ይቀራል፣ ማንም ሳያባርረው።

እነዚህ ሁሉ የሚያስተሳስሩት የሚሰጥንና የሚመልስን ሰው ነው። መመለስ ያልቻለው በቀስታ ከገመዱ ይወርዳል። የማኅበሮቹ ነውር አይደለም፤ የተሠሩበት ዓላማ ይህ ነው። ደግሞም ድርቅ ሲመጣ የሚመጣው ለሁሉም ነው፤ የአንድ ቆላ ቀበሌ አባወራዎች በአንድ ዓመት ሁሉም ከተጎዱ እርስ በርስ ምን ይበዳደራሉ? ለእንዲህ ያለው ጊዜ ከሌላ ቦታ ወደዚህ የሚያመጣ ትልቅ እጅ ያስፈልጋል፤ ወረዳ ብቻውን የማይችለውን ክልል፣ ክልል ብቻውን የማይችለውን አገር። መንግሥት ገብቶ እድርን አፈረሰ የሚለውም ከሚታየው ጋር አይገጥምም፤ ሴፍቲኔት ያለበትም የሌለበትም ቀበሌ እድሩን ይዞ አለ።

የዝርዝሩ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የማይገባው ገብቷል፣ የሚገባው ቀርቷል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት የገጠመው ቤት ይለያል፣ ነዋሪው ራሱ በስብሰባ ይመሰክራል፣ ስሙ በአደባባይ ይነበባል። በተግባር ስብሰባው በገበያ ቀን ይጠራና ሰው አይመጣም። ወይም ከላይ የመጣው ኮታ ከድሃው ቁጥር ያንሳል፤ ያኔ ኮሚቴው ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ ብሎ ቤተሰቡን ይከፋፍላል፤ ከአምስቱ ነፍስ ሁለቱ ብቻ ይመዘገባሉ፣ ለሁለት ሰው የመጣውን አምስቱ ይበላሉ። ሌላው ጉድ ምረቃ የሚሉት ነው። ቤቱ ራሱን ችሏል ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣል። ጥሩ ዝናብ በዘነበ በማግሥቱ፣ ወይም አንዲት በግ ወልዳ ሁለት ስትሆን የተመረቀ ቤት በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ይመጣል፤ ቦታው ግን ተይዟል።

ይህን ሁሉ ይዘው የደረሱበት መደምደሚያ ነው የማይገባኝ፦ ስለዚህ ይዘጋ። በሰኔ 2015 እኮ ይህ በአገር ደረጃ ተሞክሯል። የአሜሪካው የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ከታለመለት ሰው ውጭ እየሄደ ነው ብለው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታን አቆሙ፤ ለብዙው ተረጂ ከአምስት ወር በላይ ቆሞ ቆየ። ስርቆቱ እውነት ነበር። የተራበው ግን የሰረቀው አልነበረም። መጋዘን ገልብጦ የሸጠ ሰው በዚያ ክረምት እራቱን በልቶ አድሯል፤ ካርዷን ይዛ የጠበቀችው ናት ባዶ እጇን የተመለሰችው። የሌባ ቅጣት ተዘራፊው ላይ ሲያርፍ ፍትሕ አይባልም።

የሚሠራው ሌላ ነው፣ አድካሚም ነው። ከዝርዝር የወጣ ሰው መጀመሪያ በየትኛው መስፈርት እንደወጣ ይጠይቅ፤ «ኮታ አለቀ» መስፈርት አይደለም። ሰው የተመረጠበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል፤ መቼ ተደረገ፣ ስንት ሰው ተገኘ የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው። ቀጥሎ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ነው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ የቤተሰቡ አባላት ስምና ዕድሜ፣ የመሬቱ ስፋት፣ የከብቱ ቁጥር ተዘርዝሮ፣ የቆየ ካርድ ካለም ተያይዞ። አንድ ቅጂ በአመልካቹ እጅ ቀን ተጽፎበት ይቅር። ኮሚቴው ዝም ካለ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ነው። መጻፍ ለማይችል ሰው ይህን ወረቀት መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የጸሐፊው ዓይነት ብዕር ያለው ሰው በአንድ ቅዳሜ አሥር ይጽፋል።

በጣም የተለየነው በመጨረሻው ነጥብ ላይ ነው። «ገንዘቡ የፈረንጅ ነው፤ ሲያቆም የሚጠየቅ የለም።»

ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር አብዛኛው ገንዘብ ከውጭ እንደመጣ እውነት ነው። ያኔ የተጀመረውም በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ከሆነ በኋላ፣ በየዓመቱ ድርቅ በመጣ ቁጥር ለልመና ከመውጣት አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ ይኑር ተብሎ ነው። ሆኖም ከዓለም ባንክ ከመጣው ውስጥ ብድርም አለበት። ብድር የሚከፈለው በእኛ ግብር ነው፤ ሳሙና ገዝታ በዋጋው ውስጥ የተጨመረውን ታክስ የምትከፍለው ያቺው እናት ጭምር። አዎ፣ የአሜሪካ መንግሥት ጥር 12 ቀን 2017 የውጭ እርዳታውን ባለበት አቁሞ በኋላም አብዛኛውን ሰርዟል፤ እንግሊዝም ድርሻዋን እየቀነሰች ነው። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነውን መርጡለ ማርያም ላይ ያለ ሰው በድምፁ ሊቀይረው አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ግን የዋሽንግተን አይደለም፤ የጎደለውን ማን ይሙላ፣ ከየትኛው በጀት፣ መጀመሪያ ማን ይቅር፣ ማን ይቆይ የሚለው እዚሁ ይወሰናል።

ሕገ መንግሥቱም ይህን ለለጋሽ አልተወውም። አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል፤ አንቀጽ 89 ደግሞ አደጋ ሲደርስ ለተጎጂው በወቅቱ እንዲደርስ። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን ሐረግ ጸሐፊው እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። ትነሳ። አቅም የሚታየው በጀት ላይ ነው፤ በጀት ደግሞ የምርጫ ዝርዝር ነው። ለባለሀብት የሚሰጥ የግብር እፎይታ «ማበረታቻ» ይባላል፣ ለማዳበሪያ የሚሰጠው «ድጎማ» ይባላል፣ ለእማሆይ የምትሰጠው 15 ኪሎ ስትሆን ብቻ ነው «ምጽዋት» የምትሆነው። ሦስቱም ከአንድ ካዝና ነው የሚወጡት።

ቅነሳ ደግሞ ሁልጊዜ በደብዳቤ አይመጣም። በብር የሚከፈለው ክፍያ የሚወሰነው በእህል ዋጋ ግምት ነው። ሲወሰን ኪሎው 50 ብር ነበር እንበል፤ የ3 ኪሎ ዋጋ 150 ብር። ሲከፈል ኪሎው 75 ከገባ ያው 150 ብር 2 ኪሎ ነው የሚገዛው። ሲሶው ተቆረጠ፤ ማንም አልፈረመም፣ ማንም አልተሰበሰበም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የእንዲህ ያለው ክፍያ ዋጋ በየወሩ መታየት የነበረበት ለዚህ ነው። መዘግየትም ቅነሳ ነው። የመጋቢት ክፍያ ሐምሌ ላይ ሲደርስ እናትየው በመካከሉ ከነጋዴ ተበድራለች፤ የተበደረችው እህል በተወደደ ጊዜ ነው፣ የምትመልሰው ታኅሣሥ ላይ በረከሰ ጊዜ ሸጣ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ፣ ባንክ በተዘጋ ቁጥር ይህ መዘግየት ተባብሷል። ማን ጀመረው፣ ማን ይጨርሰው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ሰላም እስኪወርድ ክፍያው በምን መንገድ ይድረስ የሚለውን የማቀድ ግዴታ ግን ግጭቱ አልሰረዘውም።

በጤና መድኑም የሚሆነው ይኸው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ጎጃም ሊኮራበት ይገባል። መክፈል የማይችለው ድሃ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ እድሳቱም ከአጨዳ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ወረዳው ለመክፈል ለማይችሉት የሚመድበውን ሲያሳንስ የሚወጣ ማስታወቂያ የለም። የሚታወቀው በክረምት፣ ልጅ በወባ ሲያተኩስ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ «ካርዱ አልታደሰም» ሲባል ነው።

ድጋፉ ሲቀር ወጪው የሚጠፋ የሚመስላቸው ካሉ ያቺን ቤት መልሰው ይዩ። መጀመሪያ ዶሮዋ፣ ከዚያ በጓ ትሸጣለች። ሰኔ ላይ ብድር። ትልቁ ልጅ ለዓመት እረኛ ሆኖ ይቀጠራል፣ ትምህርቱ ቀረ። ልጅቷ ባሕር ዳር ሰው ቤት ትገባለች። በመጨረሻ ሁለቱ ቃዳ ለሦስት ዓመት በኮንትራት ይለቀቃል፤ ብሩ በአንድ ክረምት ያልቃል፣ በእኩል በየዓመቱ የሚመጣው ሁለት ኩንታል ተኩል ግን ለሦስት ዓመት የለም። ወረዳው የቆጠበው 360 ኪሎ እዚህ ቤት ውስጥ 750 ኪሎ ሆኖ ተከፈለ። ቁጠባ የተባለው ይህ ነው።

ማዳበሪያና መስኖስ? ሁለቱም ይምጡ፤ በ2015 በማዳበሪያ እጦት ጎጃም ውስጥ ገበሬው ምን ያህል እንደተንገላታ የሚረሳ የለም። ግን ማዳበሪያ የሚሠራው መሬት ላይ ነው፣ ቦይም የሚሄደው ውኃ ወደሚወርድበት ነው። የቆጋ መስኖ ለ7,000 ሄክታር ነው የተሠራው፤ ከግድቡ በታች መሬት ያለው ተጠቀመ፣ ከበላይ ያለው አየው። መሬቷን በእኩል የሰጠች እናት ከማዳበሪያው የምታገኘው ግማሹን ነው፤ መሬት የሌለው ወጣትና ጧሪ ያጡ አዛውንት ደግሞ ምንም። አንዱን ለሌላው መሸጥ አያስፈልግም፤ የሚሠሩት ለተለያየ ሰው ነው።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው አንድ ነገር እንዲያደርጉ ልጠይቃቸው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሚያውቁት አንድ ወረዳ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ይገኙና ሦስት ቁጥር ይጠይቁልን፦ በቀጥታ ድጋፍ አምና ስንት ሰው ነበረ፣ ዘንድሮ ስንት ቀረ፤ የጥር ክፍያ በስንተኛው ወር ደረሰ፤ ለመድን መክፈል ለማይችሉት ስንት ብር ተያዘ። መልሱን ይጻፉት። አማርኛቸው ጥሩ ስለሆነ ሰው ያነበዋል፤ እኔም አስተላልፈዋለሁ።